«3 ሰዓት ነው» ብላ የሸጠችልኝ ትኬት

ይህን የምጽፈው ጓንዡ፣ ሆቴል ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው። ንዴቱ ገና አልበረደልኝም። ባንኮክና ቻይና ለዕቃ የምትመላለሱ እህቶቼ፣ እባካችሁ አንብቡት።

ቦሌ አካባቢ ያሉትን ትኬት ቢሮዎች ታውቋቸዋላችሁ። አንድ ጠባብ ክፍል፣ ሁለት ኮምፒውተር፣ «ግቡ የኔ እናት፣ ሻይ ይምጣልዎት?»። ገባሁ። ከባንኮክ ጓንዡ የሚወስደኝ ትኬት ነበር የፈለግሁት። «ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አልኳት። «3 ሰዓት ነው። ፈጣኑ ይሻልዎታል» ብላ 6 ሺህ ብር ጨመረችብኝ። ከፈልኩ።

ያመንኳት መንገዱን ስለማውቀው ነው። በሁለቱ ከተሞች መሀል 1,700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ቀጥታ በረራው 3 ሰዓት ቢሆን ነው። ባለፈው ዓመት ሄጄበታለሁ። ስለዚህ ቀጥታ ነው ወይ ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም። ፒዲኤፉን በቴሌግራም ልካልኝ ነበር፣ አልከፈትኩትም። ስንት ዓመት የነገድኩ ሰው፣ አንዴ ነካ አድርጌ ማየት እንዴት ያቅተኛል? እስካሁን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው።

ባንኮክ፣ ሱቫርናብሁሚ ኤርፖርት። ልጅቷ ሻንጣዬን መዝና ወረቀቱን እጀታው ላይ ጠቀለለችው። «ጓንዡ?» አልኳት፣ እንዲያው ለማረጋገጥ። ጣቷን ወረቀቱ ላይ አድርጋ «መጀመሪያ ኳላ ላምፑር» አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ። ጓንዡ እኮ ከባንኮክ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው። ኳላ ላምፑር ደግሞ ወደ ደቡብ! 1,200 ኪሎ ሜትር ወደ ኋላ ሄጄ፣ ከዚያ 2,600 ገደማ ልበር ነው። ሻንጣው ግን በቀበቶው ሄዷል።

ኳላ ላምፑር ዘጠኝ ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ከዚያ በ5 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነች፣ ቢሮ እስኪከፈት ጠብቄ ደወልኩ። «3 ሰዓት ብለሽኝ አልነበር?» አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «እኔ 3 ሰዓት ያልኩሽ መነሻውን ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት አልተነሳሽም? ትኬቱን አታነቢም እንዴ?»

ስንት ይፈጃል ብዬ ነው እኮ የጠየቅኳት! ደግሞ ስትሸጥልኝ «እርስዎ» ነበርኩ፣ ብሩን ከተቀበለች በኋላ «አንቺ» ሆንኩ። በዕድሜ ልጄ ናት። አጠገቧ ያለው ሰው ሲስቅ ይሰማኛል። ከዚያ ስልኩን ዘጋችው።

ቀን 7 ሰዓት ጓንዡ እደርሳለሁ ብዬ ለ10 ሰዓት ከጫማ አከፋፋይ ጋር ቀጠሮ ይዤ ነበር። የገባሁት ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ሰውየው ዕቃውን ለሌላ ሸጦታል። 2 ሺህ ዩዋን ቀብዴን «ቀጠሮ ያፈረስሽው አንቺ ነሽ» ብሎ አስቀረው። ለሱ ምን ብዬ ላስረዳው?

እናንተ ትኬት ስትቆርጡ ስንት ሰዓት ይፈጃል ብቻ አትበሉ። የት ያርፋል፣ ስንት ሰዓት ይደርሳል በሉ። ጓንዡ ከባንኮክ በ1 ሰዓት እንደሚቀድምም አስቡ። ፒዲኤፉን ብር ሳትከፍሉ ክፈቱት።

እኔ ሰኞ አዲስ አበባ እገባለሁ። ከኤርፖርት በቀጥታ ወደዚያ ቢሮ ነው የምሄደው። 6 ሺህ ብሬን ሳልቀበል አልወጣም።