የቬቲቨር ሣር ግንጣይ፦ ገዝቼ ተክዬ ያየሁት

ከቤቴ ጀርባ ያለው ተዳፋት በዝናብ ቁጥር አፈሩ እየታጠበ ስላስቸገረኝ፣ ባለፈው ዓመት ከአንድ ችግኝ ማፍያ 200 የቬቲቨር ሣር ግንጣይ፣ ማለትም ከእናት ቁጥቋጦ ከነሥሩ ተገንጥሎ የሚተከል ቡቃያ፣ ገዝቼ ተከልሁ። ሣሩ ዛሬ ወገቤ ላይ ደርሷል። በግንጣዩ በጣም ረክቻለሁ፤ አብሮት የተሰጠኝ የአተካከል መመሪያ ግን መታረም ያለበት ነው።

ቬቲቨር፣ በሳይንሳዊ ስሙ ክራይሶፖጎን ዚዛኒዮይደስ፣ መገኛው ሕንድ የሆነ፣ አንዴ ከተተከለ ለብዙ ዓመታት የሚኖር ሣር ነው። ለአፈር ጥበቃ የሚመረጠው የደቡብ ሕንዱ ዓይነት ቢያብብም የሚበቅል ዘር ስለማይሰጥ ወደ ማሳ ተሻግሮ አረም አይሆንም፤ በሰሜን ሕንድ በዱር የሚገኘው ዓይነት ግን ዘር ስለሚያፈራ ሊዛመት ይችላል። በዚህ ምክንያት ገዢ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ዓይነቱን ነው። የእኔ ሻጭ ሳይጠየቅ የሚሸጠው ዘር አልባውን መሆኑን ነገረኝ፤ እናት ተክሎቹንም ወስዶ አሳየኝ። ይህን ያደረገበት ጥንቃቄ ሊመሰገን ይገባዋል። የቬቲቨር ዘር እሸጣለሁ ከሚል ነጋዴ ግን መራቅ ይሻላል።

እሽጉ የመጣው በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ነበር። ከመካከል የወጡት ግንጣዮች ግርጌያቸው ወፈር ያለና ነጣ ያለ፣ ሥራቸው ጭቃ የተቀባ፣ ቅጠላቸው አንድ ስንዝር ያህል ቀርቶ የተቆረጠ ነበር። ሥሩን በጣቴ ሳሸው እርጥብ አፈርና እንጨት የሚመስል ደስ የሚል ሽታ ሰጠኝ፤ ሽቶ ቀማሚዎች የሚፈልጉት ዘይት የሚወጣውም ከዚሁ ሥር ነው። ከእሽጉ ዳር የነበሩት ግን ሥራቸው ደርቆ በእጅ የሚሰባበር በመሆኑ ወደ 30 የሚጠጉት ሳያቆጠቁጡ ቀሩ። ጆንያው አንድ ዙር ቢጨመርለት ኖሮ ይህ ሁሉ ባልጠፋ ነበር።

ትልቁ ቅሬታዬ ግን በመመሪያው ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ በጉድጓዶች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር እንዲተው ስለሚያዝ፣ የላይኛውን መስመር በዚያው ልክ ተከልሁ። ዝናቡ ሲበረታ ጎርፉ በክፍተቶቹ እየሾለከ፣ ተበትኖ ይወርድ የነበረው ውሃ በየክፍተቱ ተሰብስቦ ትንንሽ ቦይ ቆፈረ። የታችኛውን መስመር፣ በየጉድጓዱ ሁለት ሁለት ግንጣይ እያደረግሁ፣ በ12 ሳንቲ ሜትር ርቀት ተክዬው ስለነበር ቁጥቋጦዎቹ በዓመቱ ተጋጥመው እንደ አጥር ቆሙ። ለአጥር ሲባል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ተገቢው ርቀት ነው፤ መስመሩም ተዳፋቱን አቋርጦ፣ ከዳር እስከ ዳር ከፍታው እኩል ሆኖ መሄድ አለበት። ሣሩ ውሃውን አይገድብም፤ ፍጥነቱን ቀንሶ በቁጥቋጦው መካከል ያጣራዋል፣ ደለሉም ከአጥሩ በላይ ይቀራል። ዛሬ ከታችኛው መስመር በላይ የተጠራቀመው አፈር ቁርጭምጭሚቴን ይሸፍናል።

የተዳፋቱን አፈር የሚይዘው ሥሩ ነው። እንደ ብዙ ሣሮች ወደ ጎን ከመንሰራፋት ይልቅ ቁልቁል ይወርዳል፤ በተመቸ አፈር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ3 ሜትር በላይ ሊጠልቅ ስለሚችል አጠገቡ ያለውን ሰብል ብዙም አይሻማም። አዲስ ቡቃያ የሚወጣበት አንጓም ከመሬት በታች ስለሆነ ከላይ ቢጋጥ ወይም ቢቃጠል እንኳ መልሶ ያቆጠቁጣል። የማይችለው ጥላን ነው፤ ከዛፍ ሥር የተከልኋቸው ጥቂቶቹ ቀጫጭን ሆነው ቀርተዋል።

እንክብካቤው ቀላል ነው። ዝናብ እንደጀመረ መትከል፣ እስኪይዝ ድረስ ውሃ እንዳያጥረው መጠበቅ፣ አረሙን መንቀል ያስፈልጋል። ወረቀቱ ጨርሶ ያልጠቀሰው ግን መከርከምን ነው፤ ሥር ከያዘ በኋላ ከመሬት ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ በማጭድ ሲቆረጥ ከግርጌው ብዙ ቡቃያ ያወጣል፣ አጥሩም ቶሎ ይደድራል። የታጨደውን ቅጠል ለጉዝጓዝ ተጠቅሜበታለሁ።

በሚቀጥለው ዝናብ የላይኛውን መስመር ክፍተቶች የምሞላው ከታችኛው መስመር በምገነጥለው ነው። አንዱ ቁጥቋጦ አሁን ከ20 በላይ ግንጣይ ስለሚወጣው፣ አዲስ ገዢ መጀመሪያ ጥቂት ገዝቶ በጓሮው ቢያባዛ ይበቃዋል።