በረንዳ ላይ የሠራሁት የስፒከር ሳጥን፦ ከዘጠኝ ወር በኋላ

ባለፈው ታኅሣሥ ደሴ፣ ቤታችን በረንዳ ላይ ሁለት የስፒከር ሳጥን ሠራሁ። አሁን መስከረም ነው። ሳጥኖቹ በየቀኑ የቡና ሰዓት ሬዲዮ አሰምተዋል፣ አንድ ሠርግ አጅበዋል፣ የደሴን ክረምት ከነጉሙ ችለዋል። ችለዋል ስል እየተበላሹና እየተጠገኑ ማለቴ ነው።

ስፒከሮቹ ከጎረቤት አሮጌ ሞንታርቦ የተረፉ ናቸው፤ ባለ 8 ኢንች፣ 8 ኦም። ሳጥናቸው ረጥቦ ፈርሷል እንጂ እነሱ ደህና ነበሩ። ያለ ሳጥን ብታስጮኻቸው ግን ቤዝ የሚባል ነገር የለም። የስፒከሩ ወረቀት ወደ ፊት አየር ሲገፋ ከጀርባው ይስባል። ሁለቱ በጎን ዞረው ይገናኙና ይጠፋፋሉ። የሳጥኑ ሥራ እነሱን ማለያየት ነው።

መጀመሪያ ዋንዛ አስቤ ነበር። የሰፈራችን አናጺ ጋሼ ሳቁብኝ። «ልጄ፣ ዋንዛውን ለአልጋህ ተወው። እንጨት ይሠራል፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል» አሉኝ። ባለ 18 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ የሚባለውን የፋብሪካ ጣውላ ገዛሁና እሳቸው ቆረጡልኝ። ውስጡ 25 በ30 በ40 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 30 ሊትር። ስፒከሩ፣ የአየር መውጫ ቱቦውና ድጋፍ እንጨቱ ራሳቸው ቦታ እንደሚይዙ ትዝ ያለኝ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ወደ 27 ሊትር ወረደ። ምንም አልጎዳም።

የአየር መውጫው ባለ 75 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ ነው። 16 ሴንቲ ሜትር ላይ ጀምሬ እየቆረጥኩ 12 ላይ ቆምኩ። ቱቦው ሲረዝም ሳጥኑ የሚያጎላው ድምፅ እየወፈረ ይሄዳል፣ ሲያጥር ይቀጥናል። በኔ ስሌት 12 ሴንቲ ሜትር ወደ 50 ኸርዝ ግድም፣ ማለትም በሴኮንድ 50 ንዝረት ይሰጣል። አንድ ነገር ግን አላሰብኩም። የመብራታችንም ሞገድ 50 ኸርዝ ነው። አምፕሊፋዬሬ ድሮም ትንሽ «እምም» ይል ነበር፣ ማንም አይሰማውም። በአዲሱ ሳጥን የንብ ቀፎ ሆነ። ግራውንዱን አስተካክዬ ቀንሷል። ጨርሶ ግን አልጠፋም፤ ሌሊት ጸጥ ሲል ይሰማኛል።

ዘጠኝ ወር ሙሉ ያንገላታኝ ግን እንጨቱም ድምፁም አይደለም። ብረታ ብረቱ ነው።

ኤምዲኤፍ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ነው። ቪቲ መጀመሪያ ሲገባ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ፈትተህ ስትመልሰው ይላላል፣ ሦስተኛው ላይ ዝም ብሎ ይሽከረከራል። እኔ ደግሞ ሽቦ ለማየት፣ ቱቦ ለማሳጠር እያልኩ ስፒከሩን ስንቴ ፈታሁት! በሁለተኛው ወር ከአራቱ ቪቲዎች ሁለቱ መያዣ አጡ። ቤዝ ሲመታ ከሆነ ቦታ «ፍስስ» ይላል። ከየት እንደሆነ በጆሮ መለየት አቃተኝ።

እናቴ ለቡና ዕጣን ስታጨስ ማጨሻውን ተቀበልኳትና ወደ ሳጥኑ አስጠጋሁት። ከበሮው ጠንከር ያለ ዘፈን ከፈትኩ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ ይቆይና ከስፒከሩ ጠርዝ፣ በስተግራ ከታች ሲደርስ በየምቱ ይበተናል። ቀዳዳው ተያዘ። «ጂኒ ልታስወጣለት ነው?» አለችኝ እናቴ።

መድኃኒቱ ጥርስ ያለው ዳዶ ነው፤ ከውስጥ በኩል ገብቶ እንጨቱን የሚነክስ። ፒያሳ ሦስት ሱቅ ዞሬ አራተኛው ላይ አገኘሁ። በባለ 5 ሚሊ ብሎንና በሮንዴላ አሰርኩት፤ ከጠርዙ ሥር ስስ ስፖንጅ ዙሪያውን ለጠፍኩ። ከዚያ ወዲህ ስንቴም ብፈታው ይመለሳል። ዳዶውን በመዶሻ ግን አትምታው። እኔ መትቼ አንዱን አጣምሜያለሁ። ብሎኑን ከፊት አስገብተህ ቀስ እያልክ ብታጠብቀው ራሱ ስቦ ያስገባዋል።

እጀታው ደግሞ ይብሳል። ሚያዝያ ላይ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ኮምቦልቻ ነበርና ሳጥኖቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ጭኜ ወረድኩ። የሐረጎን ቁልቁለት እስክንጨርስ ልቤ ጣሪያው ላይ ነበር። ምንም አልሆኑም። መናኸሪያ ስንደርስ ረዳቱ አንዱን በእጀታው አንስቶ ሲያቀብለኝ፣ እጀታው እሱ እጅ ላይ ቀረ፣ ሳጥኑ እኔ እግር ላይ አረፈ። «አብሽር ወንድሜ» አለኝ፣ እጀታውን እያቀበለኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። 12 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ሳጥን በአራት አጭር ቪቲ ሰቅዬዋለሁ። አሁን እጀታውም በብሎንና በዳዶ ነው። የተጨፈለቀውን ማዕዘን በስቱኮ ሞላሁት፤ ጠባሳው ግን ይታያል።

ሌሎቹ ጥቃቅን ናቸው። ውስጡን በበግ ጸጉር ለብጬው ነበር። ድምፁን አለሰለሰው፣ አሪፍ ነበር። ሐምሌ ላይ አንድ ማታ ከቱቦው ብል ብር ብሎ ወጣ። ስከፍተው ጸጉሩ ወንፊት ሆኗል። በአሮጌ ትራስ ፋይበር ተካሁት። ነሐሴ ላይ ደግሞ ቫርኒሽ ያልነካው የታችኛው ጠርዝ ከሲሚንቶው እርጥበት ስቦ አበጠ፤ 18 የነበረው 20 ሚሊ ደረሰ። የጎማ እግር ያደረግኩለት ከዚያ በኋላ ነው፣ ጅብ ከሄደ እንዲሉ።

ድምፁስ? ከበሮና ቤዝ ጊታር ላይ ለዋጋው በጣም ጥሩ ነው። ማሲንቆ ላይ ያሳብቃል። አምባሰል ስሰማ ማሲንቆው በአፍንጫው የሚዘፍን ይመስለኛል። ጎኑን በጣት ኳ ኳ ሳደርገው አንደኛው ሳጥን ከሌላው ይልቅ ይጮኻል፤ ድጋፍ እንጨቱ በደንብ አልተጣበቀም መሰለኝ። ኮላ ላይ ቸኩያለሁ።

ዋጋውን አልጽፍም፤ ሳምንት ሳይሞላው ይቀየራል። የጎረቤታችን ልጅ ባለፈው መጥቶ «ለኔም ሥራልኝ» አለኝ። መጀመሪያ ስምንት ዳዶ ይዘህ ና ብዬዋለሁ። እስካሁን አልመጣም፤ አራተኛውን ሱቅ አላገኘው ይሆናል።