ብረት የማያባክን ወርክሾፕ ምን ይግዛ? ከት ኦፍ ከባንድሶ፣ ጊሎቲን ከፕላዝማ

ደሴ ላይ በርና መስኮት የምንሠራ ሰዎች ለብረት ሁለት ጊዜ እንከፍላለን፤ አንዴ ስንገዛው፣ ሌላ ጊዜ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያመጣውን የሐረጎን ዳገት ስናስወጣው። ከዚያው ብረት ላይ ክንድ የማያህል ቁራጭ ጥግ ጥጉን ይከመርና ለቆራሌው በኪሎ ይሄዳል። ቁርጥራጭ ቀልጦ ዳግመኛ ብረት መሆኑ መልካም ነው። የገዛንበት ዋጋና የቆረጥንበት ጉልበት ግን አይመለስም። ስለዚህ ማሽኖቹን የማወዳድረው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ቁርጥራጩን ገና ሳይፈጠር የሚያስቀርልን የትኛው ነው?

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳይ። ከሐይቅ የመጣ ደንበኛ ቁመታቸው 1.20 ሜትር የሆኑ መስኮቶች አዘዘኝ። ቱቦላሬው፣ ማለትም ለፍሬም የምንቆርጠው ውስጡ ክፍት ብረት፣ 6 ሜትር ነው፤ በወረቀት ላይ አምስት ቋሚ ይወጣዋል። ልጁ አራት ጊዜ ቆረጠና አምስተኛውን አንሥቶ ለካ። «ጋሼ፣ ይቺ አልደረሰችም» አለኝ። 1.188 ሜትር ነበረች። የመቁረጫ ማሽኑ ዲስክ ውፍረት በአራት ቁርጥ 12 ሚሊ ሜትር በልቷል። በዚያ ከቀጠልን ከእያንዳንዱ ቱቦላሬ ከአንድ ሜትር በላይ ቁራጭ ሊተርፈን ነው። ግድግዳው ገና አልተለሰነም ነበርና ደንበኛውን ጠይቄ ከእያንዳንዱ ቋሚ 5 ሚሊ ሜትር ቀነስን። አምስት ጊዜ 1.195፣ የዲስኩ 12 ሚሊ ሜትር ተደምሮበት፣ 5.987 ሜትር ነው። ልክ ገባ። ይህ የሆነው አዲስ ማሽን ሳይገዛ ነው፤ ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ ይህን እያስታወሳችሁ አንብቡልኝ።

ከት ኦፍና ባንድሶ

በሚሽከረከር የድንጋይ ዲስክ ብረት የሚቆርጠው ባለ 14 ኢንች ከት ኦፍ በየወርክሾፑ አለ። ዋጋው ከባንድሶ ያነሰ ነው፣ ዲስኩ በቀላሉ ይገኛል፣ ቀጭን ቱቦላሬን በሴኮንዶች ይበጥሳል። ዲስኩ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ ባለ ጥርስ ቀበቶ መጋዙ ባንድሶ ግን በአንድ ቁርጥ የሚወስደው ግማሹን ገደማ ነው። ሻጮች ይህን ልዩነት አግንነው ይነግሯችኋል። እኔ አልስማማም። የ6 ሜትር ቱቦላሬን አምስት ቦታ ብንቆርጥ በከት ኦፍ የሚጠፋው 15 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህም የጠቅላላው ሩብ በመቶ ነው። ያው ቱቦላሬ 1.10 ሜትር እየሆነ ሲቆረጥ ግን ግማሽ ሜትር ያህል ይተርፋል፤ ይህ 8 በመቶ ነው።

እውነተኛው ልዩነት ቀጥ ብሎ መቁረጡ ላይ ነው። ሠራተኛው ከት ኦፉን ሲጫነው ዲስኩ ይለመጣል፣ ቁርጡም ከስኳድራ (ከ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያው) ይወጣል። ይህን የሚያውቅ ሠራተኛ «ለማንኛውም» ብሎ 5 ሚሊ ሜትር ጨምሮ ይቆርጣል፤ በኋላ በግራይንደር ፈጭቶ ይጥላታል። በተለይ ቶርኖ ቤት (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን ያለበት) ላላችሁ ይህ ከባድ ነው። ውፍረቱ 50 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ድፍን ብረት ላይ 5 ሚሊ ሜትር ማለት 77 ግራም ነው፤ መቶ ፍሬ ሲቆረጥ 7.7 ኪሎ። ባንድሶ በደንብ ከተስተካከለ ያቺን «ለማንኛውም» ያሳንሳታል። ፍቅፋቂውም ከድንጋይ ብናኝ ጋር ስለማይደባለቅ ንጹሕ ብረት ሆኖ ይሰበሰባል።

ግን ቀርፋፋ ነው፣ ምላጩም ይመርጣል። ቀጭን ቱቦላሬን ጥርሱ ሰፋፊ በሆነ ምላጭ ከቆረጣችሁ ጥርሱ ይነቀላል። ጥርሰ ደቃቁን ምላጭ አዘውትሮ የሚያመጣ ነጋዴ ካላገኛችሁ ማሽኑን አትግዙ። ድፍን ብረት ወይም አንድ ዓይነት ቁርጥ በብዛት ለሚሠራ ባንድሶ፤ በቀን ጥቂት መስኮት ለሚሠራ ግን ያለው ከት ኦፍ ብረቱን ጨምድዶ ከሚይዝ ጠንካራ ሞርሳና ከትክክለኛ ስኳድራ ጋር ይበቃዋል።

ጊሎቲንና ፕላዝማ

ወደ ላሜራ፣ ወደ ዝርግ ብረት፣ ስንመጣ ጊሎቲን እንደ መቀስ ስለሚቆርጥ ወደ ብናኝ የሚለወጥ ብረት የለም። ውፍረቱ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ 1 በ2 ሜትር ላሜራ 23.6 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ለ90 ሳንቲ ሜትር በር ስንቆርጠው 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 2.4 ኪሎ ያህል የሚመዝን ሰንጣቂ ይተርፋል። ጊሎቲን ይህን ቀጥ ያለ አድርጎ ስለሚያወጣው ታጥፎ የበር ፍሬም ማጠናከሪያ ይሆናል። በእጅ ችቦ የተቆረጠ ሰንጣቂ ግን ጠርዙ ስለሚወላገድ ለቆራሌው ይቀራል። በሁለቱ ምላጮች መካከል ያለው ክፍተት ለላሜራው ውፍረት መስተካከል አለበት፤ ከ5 እስከ 10 በመቶው ይበቃል። ክፍተቱ ከሰፋ ጠርዙ ይገለበጣል።

በኮምፒውተር የሚመራ ፕላዝማ፣ ማለትም ብረትን በጋለ የአየር ጅረት አቅልጦ የሚቆርጥ ማሽን፣ የአበባ ቅርጽና ክብ ቁርጥ ይሠራል፤ ትንንሹን ቅርጽ በትልቁ ባዶ ቦታ ውስጥ አስገብቶ ይደረድራል። ቅርጻ ቅርጽ ያለበት የግቢ በር ለሚያመርት ይህ ታላቅ ቁጠባ ነው። ሆኖም ደረቅ አየርና የማይቆራረጥ መብራት ይፈልጋል፤ እርጥበት ያለው አየር ጫፉን ቶሎ ያቃጥለዋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፤ አየሩ ስስ በመሆኑ ኮምፕረሰርም ሆነ የናፍጣ ጄኔሬተር የተጻፈለትን ያህል አይሰጥም። ስለዚህ ከፍ ያለ አቅም ያለውን መምረጥ ግድ ይላል። ኮምቦልቻ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ስለምትል ችግሩ እዚያ ይቀልላል። በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ቅርጽ የምትቆርጡ ከሆነ ማሽኑ ላለው ሰው አስቆርጡ፤ ቅርጹን ግን ራሳችሁ ደርድራችሁ ውሰዱ።

በብርሃን ጨረር የሚቆርጠው ሌዘር በአንድ ቁርጥ የሚወስደው ከግማሽ ሚሊ ሜትር በታች ነው፤ ለእኛ ዓይነቱ ወርክሾፕ ግን ዋጋው አያዋጣም።

እርሳስና ኮምፒውተር

አንድ ወይም ሁለት ርዝመት ብቻ ከሆነ እርሳስና ወረቀት ይበቃል፦ ረጅሙ መጀመሪያ ይቆረጣል፣ አጭሩ ከትርፉ ይወጣል። ዐሥር ዓይነት ርዝመት በአንድ ቀን ከመጣ የአቆራረጥ ዕቅድ የሚያወጣ የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሰው ጭንቅላት ይሻላል፤ የዲስኩን ውፍረት ማስገባት አትርሱ። በሁለቱም መንገድ ትራፊው በጠመኔ ርዝመቱ ተጽፎበት መደርደሪያ ላይ ይቁም። አዲስ ቱቦላሬ የሚነሣው መደርደሪያው ታይቶ ነው።

ማሽን ልትገዙ ስትሄዱ የራሳችሁን ቱቦላሬ፣ ካሊፐርና ስኳድራ ይዛችሁ ሂዱ። ሻጩ ፊት ለፊታችሁ ዐሥር ቁርጥ ያውጣ። የመጀመሪያውንና የዐሥረኛውን ርዝመት ለኩ፣ ሁለቱንም ስኳድራው ላይ አቁሟቸው። ብርሃን በመካከል ካለፈ፣ ገንዘባችሁን ገና አታውጡ።