ልጃችሁ ፓይለት እሆናለሁ ካላችሁ እኚህን ጋሼ አግኟቸው

ሰላም የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሀበሾች። ይሄን ለመጻፍ ካሰብኩ ቆየሁ፣ ልጄ ወስኖ እስኪጨርስ ብዬ ነው ያዘገየሁት።

ልጄ 11ኛ ክፍል ሲገባ ኮሎራዶ ስፕሪንግስ ያለው የአየር ኃይል አካዳሚ ካልገባሁ ብሎ ያዘን። እኔ ደብረ ዘይት ነው ያደኩት፣ ጄት ሲነሳ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ እየሰማሁ፣ ውትድርና ሲባል ሆዴ ይባባል። አባቱ ደሞ "በነፃ እየተማረ ኪሱም ገንዘብ እየገባ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ" ይለኛል፣ በዚህ ነገር እራት በሰላም መብላት አቃተን። አንድ አማካሪ ነኝ ባይ ጋር ሄደን ብዙ ዶላር ከፍለን ያገኘነው ከኢንተርኔት የተገለበጠ ወረቀት ነው፣ በጣም ነው ያዘንኩት።

ከዛ በቤተክርስቲያን ሰው በኩል ጋሼን አገኘናቸው። አሜሪካ አየር ኃይል ውስጥ አገልግለው የወጡ ናቸው፣ አሁን የበረራ አስተማሪ ናቸው። መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ትምህርት ማርኩ አልነበረም። "እህቴ፣ ልጁ ሲቲዝን ነው? ከ13 ዓመቱ በኋላ ለአስም ኢንሄለር ታዞለት ያውቃል?" አሉኝ። ደነገጥኩ፣ በ14 ዓመቱ ታዞለት ነበር። ሚሊተሪው በዚህ ሊጥለው ይችላል ግን ዌቨር የሚባል ልዩ ፈቃድ አለ፣ እንዳትደብቁ፣ የሀኪሙን ወረቀት በሙሉ ሰብስቡ አሉን። ሲቲዝንነቱን ደሞ እኔ ስምል እሱ ከ18 በታች ሆኖ ግሪን ካርድ ይዞ ከኔ ጋር ስለሚኖር አብሮ አግኝቶታል፣ ፓስፖርቱን አሳየናቸው። ግሪን ካርድ ብቻ ይዞ አካዳሚ አይገባም፣ ይሄንን የማያውቅ ወላጅ ብዙ ነው። ኖሚኔሽን የሚባል የእጩነት ጥቆማም ያስፈልጋል፣ ከሁለቱ ሴናተሮችና ከሰፈራችሁ የኮንግረስ ተወካይ ቢሮ ነው የሚጠየቀው፣ 12ኛ ክፍል ከመግባቱ በፊት ባለው ሰመር ካልተጀመረ ይረፍዳል።

ከዛ የአካዳሚውንም የሲቪል ኮሌጁንም መንገድ ቁጭ ብለው በወረቀት ላይ አሳዩን። አካዳሚው ክፍያ የለውም፣ ግን ፓይለት ከሆነ ስልጠናውን ከጨረሰ በኋላ 10 ዓመት ያገለግላል። በሲቪሉ ኮሌጅ ከትምህርት ክፍያው ሌላ ለበረራው ብቻ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይወጣል፣ ኮሜርሻል የሚባለውን፣ ተከፍሎት የሚያበርበትን ፈቃድ ለመያዝ 250 የበረራ ሰዓት፣ አየር መንገድ ለመግባት ደሞ 1500 ሰዓት ይጠበቃል። ኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ መስሪያ ቤት) የፈቀደለት ኮሌጅ በአቪዬሽን ዲግሪ ከሆነ 1000 ይበቃል፣ ከሚሊተሪ ለመጣ ፓይለት 750፣ ስለዚህ ኮሌጁ ፈቃዱ እንዳለው ሳትጠይቁ ገንዘብ እንዳትከፍሉ።

እኔን የገረመኝ ግን ልጄን ለብቻው የጠየቁት ነው። "ነገ አይንህ ወይ ጆሮህ ቢያስቸግርና መብረር ብትከለከል፣ መኮንን ሆነህ 5 ዓመት ታገለግላለህ ወይ?" ልጄ ዝም አለ። ጋሼም አልገፉትም፣ አስብበት ብለው ቅዳሜ ለበረራ ቀጠሩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሴስና 172 ከምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ክንፍ ስር ትንሽ ነዳጅ በቱቦ ቀድተው ወደ ሰማይ አንስተው "ምን ታያለህ?" አሉት። ሰማያዊ ነው አላቸው። "ታች ውሃ ቢኖር ተለይቶ ይታይህ ነበር፣ ሳታይ አትነሳም" አሉት። እኔ አጥሩ ጋ ቆሜ ስጸልይ ነበር። ሲወርድ ፊቱ ሌላ ሰው ሆኖ ነው የመጣው፣ መኪና ውስጥ "እማዬ፣ እኔ መብረር ነው የምፈልገው፣ ወታደር መሆኑን ለበረራው ብዬ ነው ያሰብኩት" አለኝ። አባቱም ይሄን ሲሰማ ተረጋጋ። አሁን አቪዬሽን ያለበት ኮሌጅ ተቀብሎታል፣ ሀሳቡን ከቀየረ አር ኦ ቲ ሲ፣ ኮሌጅ እየተማሩ ለመኮንንነት የሚሰለጥኑበት፣ እዛው አለለት።

ጎረቤቴ ልጇን ወስዳላቸው ግን ልጅቷ መኮንን መሆኑን ራሱን ስለወደደችው አካዳሚውን አበርትተው አስጀመሯት፣ ሁሉንም ወደ አንድ ቦታ አይነዱም ማለቴ ነው። ለምክሩ ሰባራ ሳንቲም አልተቀበሉንም፣ የበረራውን ሰዓት ብቻ ነው የከፈልነው። ጋሼ እድሜና ጤና ይስጥልን፣ የምትፈልጓቸው ኢንቦክስ አርጉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ ስልካቸውን እሰጣችኋለሁ፣ ስትሄዱ የልጁን የህክምና ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ።