ጅራታም ኮከብን ከደብረ ማርቆስ በሠንጠረዥ መከተል፦ ስለ «ሆራይዘንስ» አገልግሎት

ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. በቺሊ ሪዮ ኡርታዶ የተተከለው የአትላስ ቴሌስኮፕ አንድ እንግዳ ጅራታም ኮከብ ሲያገኝ፣ እኛ ደብረ ማርቆስ ላይ በክረምቱ ደመና ሥር ነበርን። ጥቅምት ገብቶ ሰማዩ ሲጠራ ደግሞ ኮከቡ ከምድር ሲታይ ወደ ፀሐይ ማዶ ዞሮ ተሰወረ። ስለዚህ 3አይ/አትላስን፣ ማለትም በ2010 ዓ.ም. ከተገኘው ኡሙአሙአና በ2011 ዓ.ም. ከተገኘው ቦሪሶቭ ቀጥሎ ከሥርዓተ ፀሐያችን ውጭ መምጣቱ የታወቀውን ሦስተኛ አካል፣ የተከተልሁት በዓይኔ ሳይሆን በቁጥር ነው። ቁጥሩን የሰጠኝ «ሆራይዘንስ» ነው።

ሆራይዘንስ የናሳ የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ለማንም ሰው በነጻና ያለ ምዝገባ የሚያቀርበው የሰማይ አካላት አቀማመጥ ማስያ ነው። ተጠቃሚው የሚፈልገውን አካል፣ የቆመበትን ቦታ፣ የመነሻና የመድረሻ ቀኑን፣ እንዲሁም ስሌቱ በየስንት ሰዓቱ እንዲሠራለት እንደሚፈልግ ይነግረዋል፤ እርሱም በፊደልና በቁጥር ብቻ የተሞላ ሠንጠረዥ ይመልስለታል። የአምዶቹ ርእሶች የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላት በመሆናቸው ጀማሪን ያስደነግጣሉ። ሆኖም አቡሻኽር የተባለውን የዘመን አቆጣጠር ስሌት ለተማረ ሰው አበቅቴና መጥቅዕ ከተደረደሩበት ሰሌዳ የባሰ አይሆንበትም፤ የአምዱን ትርጉም አንዴ ከያዘ የሚቀረው ማንበብ ብቻ ነው። ሥዕል አለመኖሩ እንዲያውም ለእኔ ጥቅም ሆኖልኛል፤ ኔትወርኩ በደከመበት ቀን እንኳ የአንድ ወር ሠንጠረዥ በቀላሉ ይወርዳል።

ቦታዬን 10.33 ዲግሪ ሰሜን፣ 37.73 ዲግሪ ምሥራቅ ብዬ ሞላሁ። ሰዓቱ ግን መጀመሪያ አሳስቶኛል፤ ጥፋቱም የእኔው ነው። ሠንጠረዡ ካልተነገረው በቀር በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሠራል፤ እኛ ደግሞ ከዚያ በሦስት ሰዓት እንቀድማለን ብዬ ሦስት እየደመርሁ፣ ያገኘሁትንም እንደ ገና ወደ አበሻ ሰዓት ስለውጥ ሁለት ሌሊት ተምታታብኝ። በኋላ እንደ ተረዳሁት መደመሩም መለወጡም አያስፈልግም፤ ከሠንጠረዡ ሰዓት ላይ ሦስት መቀነስ ብቻ ይበቃል። ሠንጠረዡ 2 ሰዓት ሲል፣ ሁለቱ ለመቀነስ ስለማይበቃ 12 ጨምረን ሦስት ስንቀንስ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው።

አገልግሎቱ ለጎጃም ሰው ያለው ዋጋ የገባኝ ታኅሣሥ 10 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ኮከቡ ለምድር ይበልጥ የቀረበበት ቀን ነበር፤ ቀረበ ሲባልም 270 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ነው። ያነበብኋቸው መመሪያዎች ከእኛ እጅግ ወደ ሰሜን ለሚኖሩ ሰዎች የተጻፉ በመሆናቸው ወደ ምሥራቅ እንድመለከት ነገሩኝ። የሠንጠረዡ የከፍታ አምድ ግን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ኮከቡ አናቴ ላይ ሊደርስ ጥቂት እንደሚቀረው አሳየኝ። ጋቢዬን ደርቤ በዚያው ሰዓት ወጣሁና አሰድ (አንበሳ) የተባለውን የኮከቦች ስብስብ ከነደማቁ ኮከቡ ከሬጉለስ ጋር ሠንጠረዡ ባመለከተው ስፍራ አገኘሁት። ጨረቃ አልነበረችም፤ ብርዱ የጮቄን ቁር ያስታውሳል። በባይኖኩላሬ ጅራታሙን ኮከብ አላየሁትም፤ እንደማላየውም የድምቀቱ አምድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር። በዚህ አምድ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ብርሃኑ ይደክማል፤ ያለ መሣሪያ የሚያይ ዓይን ወሰኑ 6 ገደማ ሲሆን፣ 3አይ/አትላስ ከዚያ እጅግ የደከመ ነበር። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ የስልክ የሰማይ ካርታ ግን በዚያው ስፍራ ደማቅ ጅራት ስሎ ተማሪዎቼን በከንቱ አስጓጉቷቸዋል።

የምሕዋሩ ሠንጠረዥ ከሁሉ ይበልጥብኛል። በፀሐይ ስበት ታስሮ የሚዞር አካል የምሕዋሩ ልጠት፣ ማለትም መንገዱ ከክብ ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሳየው ቁጥር፣ ከ1 ያንሳል፤ የዚህኛው 6.14 ገደማ ነው፤ የቦሪሶቭ 3.36፣ የኡሙአሙአ 1.2 ገደማ ነበር። ስለዚህ ጥቅምት 19 ቀን፣ 203 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ መንገዱ ጥቂት ታጠፈ እንጂ አልተዘጋም። አንድ ዙር ለመጨረስ የሚፈጅበት ጊዜ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ሠንጠረዡ 9 የሚለውን ቁጥር ደጋግሞ ደርድሮ ያስቀምጣል። ተማሪዎቼ የማሽን ስሕተት መስሏቸው ነበር፤ ዙር የለውም ማለት እንደ ሆነ ሳስረዳቸው ግን ከሁሉ የሚወዱት መስመር ያ ሆነ።

ሌላው የማደንቀው፣ አገልግሎቱ የራሱን ጥርጥር መጠን በአምድ ማቅረቡ ነው። አዲስ ምልከታ ሲገኝ ምሕዋሩ እንደ ገና ይሰላል፤ ስለዚህ የሐምሌን ሠንጠረዥ በኅዳር መጠቀም አይገባም። ኮከቡ መስከረም 23 ቀን በማርስ አጠገብ ሲያልፍ ማርስን የሚዞረው የአውሮፓው መንኮራኩር ትሬስ ጋዝ ኦርቢተር ከሌላ ማዕዘን ተመልክቶት፣ በተገኘው መረጃ የመንገዱ ትንበያ በ10 እጥፍ ያህል ጠርቷል።

ለሚጀምር ሰው የምመክረው ከፍታን፣ ድምቀትን፣ ርቀትንና የርቀቱን ለውጥ ብቻ መርጦ ሌላውን እንዲተው ነው። በለውጡ አምድ የመቀነስ ምልክት ያለበት ቁጥር አካሉ እየቀረበ መሆኑን ያሳያል። ከክፍላችን ግድግዳ ላይ በለጠፍሁት ወረቀት ምልክቱ ታኅሣሥ 10 ላይ ይጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጥሩ በየቀኑ ያድጋል፤ ተማሪዎቹም በእርሳስ የከበቡት ያንን መስመር ነው።