ሆም፣ ፕሮ ወይስ ኤልቲኤስሲ? የሦስት ላፕቶፕ ወሬ

የዊንዶውስ 10 ነፃ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈልግ የቤተሰቡ ኮምፒውተር ሐኪም ሆኛለሁ። ሥራዬ ሂሳብ ነው። ግን ኤክሴል ስለምችል ሁሉም «አንተ እኮ ይገባሃል» እያለ ላፕቶፑን በፌስታል ይዞ ይመጣል። ቡና ይፈላል፣ ፍላሽ ይሰካል፣ እሁዴ በዚያው ያልቃል።

እስካሁን ዊንዶውስ 11ን ሦስት ማሽን ላይ ጭኛለሁ፤ የእኔ፣ የወንድሜና የአክስቴ። ሦስቱ ላይ የተለያየ ኤዲሽን (ሆም፣ ፕሮና ኤልቲኤስሲ የሚባሉትን የዊንዶውስ ዓይነቶች) ነው የሞከርኩት። ስለዚህ «የቱን ልጫን?» ለሚለኝ ሰው አሁን መልስ አለኝ። ብዙ ጊዜ መራጩ እናንተ አይደላችሁም፤ ላፕቶፑ ተመርጦለት ነው የመጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ትልልቆቹ አምራቾች የዊንዶውሱን ቁልፍ (የፈቃድ ቁጥሩን) ማዘርቦርዱ ላይ ጽፈው ነው ላፕቶፑን የሚሸጡት። ፍላሹን ሰክታችሁ ስትጭኑ ጫኙ ፕሮግራም ያንን ቁልፍ ያነበዋል፤ ሆም ከሆነ ሳይጠይቃችሁ ሆም ይጭናል፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ። ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ራሱ አክቲቬት ይሆናል፤ ፈቃዱ ይረጋገጣል ማለት ነው። ሳንቲም አትከፍሉም። ያ «ከእነዚህ አንዱን ምረጡ» የሚለው ረጅም ዝርዝር የሚመጣው ቁልፍ ሲያጣ ነው። እና ሰው ምን ያደርጋል? ያንን ዝርዝር ባየ ቁጥር «ፕሮ» የሚለውን ይነካል። ስሙ ትልቅ ነዋ! ከዚያ ማሽኑ ቀድሞ የተከፈለበት የሆም ዲጂታል ፈቃድ ቢኖረው እንኳ፣ ላዩ ላይ የተጫነው ፕሮ «አክቲቬት አድርጉኝ» የሚል ጽሑፍ ስክሪኑ ጥግ ላይ ለጥፎ ዓመቱን ሙሉ ያዩታል። ወይም ደግሞ ክራክ፣ ፈቃዱን በስርቆት የሚያልፍ ፕሮግራም፣ ይጫናል። ክራኩ ገና ከመጀመሩ «አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ» ይላል። ዘበኛውን አሰናብቱና ልግባ የሚል እንግዳ ማለት ነው።

ስለዚህ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን የሚለው ውስጥ ግቡና እዩ። ያለው ዊንዶውስ ትክክለኛ ከሆነ ኤዲሽኑና ዲጂታል ፈቃዱ እዚያ ተጽፏል። እሱኑ መልሳችሁ ጫኑ። አበቃ።

የእኔ ላፕቶፕ አሮጌ ቲንክፓድ ነው፤ ከአሜሪካ የመጣ ያገለገለ። እንዲህ ዓይነቶቹ፣ ላቲቱድና ኤሊትቡክም ጭምር፣ መጀመሪያ የተሸጡት ለመሥሪያ ቤቶች ስለሆነ ብዙዎቹ የፕሮ ቁልፍ ይዘው ነው የሚመጡት። የእኔም ፕሮ ሆኖ ተገኘ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። ማይክሮሶፍት ሆምን በ139 ዶላር፣ ፕሮን በ199 ዶላር ነው የሚሸጠው፤ ከሆም ወደ ፕሮ ማሳደግ ደግሞ 99 ዶላር ያስከፍላል። በዛሬው ምንዛሪ ራሳችሁ አስሉት፤ የውጭ መክፈያ ካርድ ከየት እንደሚመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ታዲያ ፕሮ 60 ዶላር ብልጫ የሚያወጣው በምኑ ነው? ፍጥነት የምትሉ ካላችሁ አንድ ነው። ጌም የምትሉም አንድ ነው። መልኩም አንድ ነው። «ሆም 128 ጊጋ ራም ብቻ ነው የሚችለው፣ ፕሮ ግን 2 ቴራ ይችላል» የሚል ነገር ታነባላችሁ። እውነት ነው። 8 ጊጋ ራም ላለን ሰዎች ግን ይህ ስለ ሄሊኮፕተር ማረፊያ እንደማውራት ነው።

እኔ የምጠቀምበት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሪሞት ዴስክቶፕ። ቢሮ ሆኜ ቤት ያስቀመጥኩትን ላፕቶፕ ከፍቼ የደንበኛ ፋይል አወጣለሁ። ሆም ወደ ሌላ ማሽን መግባት ይችላል፤ ወደ እሱ ግን በዚህ መንገድ መግባት አይቻልም። ለእኔ ሥራ ይህ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው። ሁለተኛው ማሻሻያ ማዘግየት። ሆምም ፕሮም ማሻሻያን እስከ 5 ሳምንት እንድታቆሙ ይፈቅዳሉ፤ ፕሮ ግን ግሩፕ ፖሊሲ በሚሉት መሣሪያ ትልልቆቹን ማሻሻያዎች እስከ አንድ ዓመት መግፋት ይችላል። በሞባይል ዳታ የሚኖር ሰው ይህ ይገባዋል። ለደንበኛ ሪፖርት ልልክ ስል የሳምንት ፓኬጄን ዊንዶውስ በአንድ ማታ የበላብኝ ጊዜ አለ። (ይህን ለማዳን ግን ፕሮ አያስፈልግም። ዋይፋዩን «ሚተርድ» (በመጠን የሚከፈልበት) በሉት፤ ሆምም ላይ አለ፣ አብዛኛውን ማውረድ ያስቆመዋል።)

ሃይፐር-ቪ (ኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር የሚያስነሳ) አለ፣ ሳንድቦክስ (ለጊዜው ብቻ የሚከፈት መሞከሪያ ዊንዶውስ) አለ፣ ለፕሮግራመሮች ጥሩ ነው። ሳንድቦክስን አንዴ ከፈትኩት፣ አጠራጣሪ ፋይል ሞከርኩበት፣ ስዘጋው ሁሉም ጠፋ። ከዚያ ወዲህ አልነካሁትም።

ወደ ወንድሜ ልለፍ። እሱ የሆነ ቦታ ስለ ኤልቲኤስሲ ሰምቶ መጣ። «ኮፓይለት (የማይክሮሶፍት ኤአይ ረዳት) የለውም፣ ማስታወቂያ የለውም፣ እንደ ንፋስ ይፈጥናል» አለኝ። ይህ ለትልልቅ ድርጅቶች የሚሸጥ፣ ለዓመታት የማይለዋወጥ ዊንዶውስ ነው። የ2024ቱ እትም የ5 ዓመት ድጋፍ አለው፣ እስከ ኦክቶበር 2029 ድረስ። አይኦቲ የሚባለው ሌላው የኤልቲኤስሲ ዓይነት ደግሞ 10 ዓመት። ማይክሮሶፍት የ90 ቀን መሞከሪያ ስለሚሰጥ እሱን ጫንንለት።

እውነቱን ልናገርና በጣም ወደድኩት። ሜኑው ባዶ ነው። ያልጠየቃችሁት ጌም የለም፣ «ይህን ሞክሩ» የሚል ብቅታ የለም። ድሮ ኮምፒውተር ማለት ይህ ነበር አልኩ። ወንድሜ ግን በሦስተኛው ቀን ደወለ። ዋትሳፕ የት አለ? የዋትሳፕ ፕሮግራም ለዊንዶውስ የሚመጣው በማይክሮሶፍት ስቶር ነው፤ ኤልቲኤስሲ ደግሞ ስቶር የለውም። በብሮውዘር ክፈተው አልኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ስለ ጌም ደወለ። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር። ጸጥታውን የወደድኩት እኔ ነኝ፣ ማሽኑን የሚጠቀመው እሱ ነው።

ትልቁ ችግር ግን ይህ አይደለም። ኤልቲኤስሲን ግለሰብ ሱቅ ሄዶ መግዛት አይችልም፤ ፈቃዱ የሚሸጠው ለድርጅት በጅምላ ነው። በቴሌግራም በርካሽ የሚሸጠው ቁልፍ ብዙ ጊዜ የአንድ ድርጅት የጅምላ ቁልፍ ተቆርሶ ነው፤ ዛሬ ይሠራል፣ ሲነቃበት ይዘጋል። መሞከሪያው ደግሞ 90 ቀኑ ሲያልቅ ማሽኑን በየሰዓቱ ያጠፋዋል፣ ወደ ሙሉ ፈቃድም አይቀየርም። እኛ በ80ኛው ቀን ገደማ ፎርማት አድርገን ወደ ሆም መለስነው። ቁልፉ ማዘርቦርዱ ላይ ስለነበር ምንም ሳይጠይቀን ተጫነ።

ዝርዝሩ ላይ «ኤን» የሚል ፊደል ያለበት ካያችሁ እለፉት። የአውሮፓ ኮሚሽን በ2004 እ.ኤ.አ. ማይክሮሶፍት ላይ በወሰነው ውሳኔ የመጣ፣ የቪዲዮና የሙዚቃ ማጫወቻው የተነሳለት ዓይነት ነው። በስህተት ጭናችሁት የሠርግ ቪዲዮ አልከፍት ካለ አትደንግጡ፤ ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ ሚዲያ ፊቸር ፓክ የሚል አለ፣ በነፃ ይወርዳል። ኤጁኬሽን የትምህርት ቤት ነው፣ ትምህርት ቤታችሁ ከሰጣችሁ ተቀበሉ።

አሁን ወደ አክስቴ። የዚህ ጽሑፍ ሰበብ እሷ ናት።

አክስቴ ፎቶ ኮፒ ቤት አላት። ማመልከቻ ትጽፋለች፣ ታትማለች፣ ላሚኔሽን ታደርጋለች። ላፕቶፗ ዊንዶውስ 10 ነበረው፤ እኔን እንዳታስቸግር ብላ (እንዲህ ነው የምትለው) አንድ ጥገና ቤት ወስዳ 11ን አስጫነች። ልጁ የጫነላት ሆም ነው። ትክክል ነው፣ የማሽኑ ቁልፍ ሆም ነው። ግን ሆም ሲጫን ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። ፕሮ ላይ «ለሥራ» የሚለውን መርጦ፣ «ዶሜይን» የሚለውን ነክቶ፣ ያለ አካውንት ማለፍ ይቻላል፤ ሆም ላይ ያ በር የለም። አክስቴ ደግሞ ኢሜይል የላትም።

«ችግር የለም ማዘር፣ በእኔው እናድርገው» አላት። በራሱ ኢሜይል ከፈተው። እሷም መረቀችው።

ከ24ኤች2 እትም ጀምሮ ዊንዶውስ 11 እንደ አዲስ ሲጫን፣ ሆምም ቢሆን፣ በአካውንት ከገባችሁ ዲስኩን ራሱ ይቆልፈዋል። ላፕቶፑ ቢሰረቅ ሌባው ፋይሉን እንዳያነብ ነው፤ ጥሩ ነገር ነው። መክፈቻው ባለ 48 አሃዝ ቁጥር ሆኖ የሚቀመጠው የገባችሁበት አካውንት ውስጥ ነው። በአክስቴ ጉዳይ፣ የጥገና ቤቱ ልጅ ኢሜይል ውስጥ። ይህን ማንም አልነገራትም፤ ልጁም ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የእኔ ነው። ላፕቶፑ ዘገየብኝ ስትለኝ ባዮስ ውስጥ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ውስጥ፣ ገባሁ። ቲፒኤም የሚለው ሥር «ክሊር» የሚል አየሁ። ማጽዳት ጥሩ ነው ብዬ ነካሁት። ቲፒኤም ማለት የዲስኩን ቁልፍ የምትጠብቀው ቺፕ ናት፤ እኔ ያጸዳሁት ቁልፉን ነው። ማሽኑ ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን መጣ፤ 48 አሃዙን አስገቡ አለ። የስድስት ዓመት ማመልከቻ፣ የደንበኛ ሲቪ፣ የዕድር መተዳደሪያ ደንብ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ።

«አንተ ልጅ፣ ምን አደረግከው?»

ሱቁ ስንሄድ ልጁ ሥራ ለቋል። ስልኩን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀ። ደግነቱ ጨዋ ልጅ ነው፤ አካውንቱን ከፍቶ ቁጥሩን በስልክ አነበበልን። አካውንቱ ውስጥ የማያውቃቸው ሰዎች ቁልፎች ተደርድረው እንዳገኘ ነገረኝ። ማዘሮች በሙሉ!

ፋይሉን ፍላሽ ላይ ገለበጥኩና እንደ አዲስ ጫንኩላት። ፕሮ ልግዛላት ወይ ብዬ አሰብኩ፣ ትንሽ የጸጸት ነገር ስለነበረብኝ። ከዚያ ተውኩት። እሷ ሪሞት ዴስክቶፕ ምን ያደርግላታል? ሆም መለስኩ፤ በራሷ ስም ኢሜይል ከፍቼ።

የእሷ ማሽን በእርግጥ «ሆም ሲንግል ላንጉጅ» ነው። አንዳንድ ሰው ይህን ሲያይ «አማርኛ አይጽፍም» ይላል። ውሸት ነው። የተቆለፈው የሜኑው ቋንቋ ነው። የአማርኛ ኪቦርድ ትጨምራላችሁ፣ ትጽፋላችሁ፤ ሆምም ፕሮም ልዩነት የለውም። አክስቴ ያስደነገጣት ሌላ ነበር፤ ድሮ ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፎንት የጻፈቻቸው ደብዳቤዎች ሲከፈቱ መልካቸው ተቀይሮ መስመሩ ተዛብቶ ነበር። ኒያላ ዛሬ ከዊንዶውሱ ጋር አብሮ አይጫንም። ኦፕሽናል ፊቸርስ ውስጥ የኢትዮፒክ ተጨማሪ ፎንት የሚለውን ብታወርዱ ይመለሳል። ነፃ ነው።

የቆየ ማሽን ያላችሁ፣ ኢንቴል 7ኛ ትውልድና ከዚያ በታች፣ ከጥቂቶች በቀር ዊንዶውስ 11 በይፋ አይቀበላችሁም። በግድ አስገቡት የሚሏችሁን አትስሙ። የዊንዶውስ 10 የደኅንነት ማራዘሚያ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 አለ፤ 30 ዶላር ነው፣ ሴቲንጋችሁን በማይክሮሶፍት አካውንት ካስቀመጣችሁ ደግሞ በነፃ። እስከዚያ ይብቃችሁ።

አዲስ ላፕቶፕ ለምትገዙ የእኔ ነጥብ፦ ሆም ከ5 አራት፣ ፕሮ ቁልፉ ይዞት ከመጣ አምስት፣ ልትገዙት ከሆነ ሦስት። ኤልቲኤስሲ አምስት ይገባው ነበር፣ ግን የማይሸጥልኝን ዕቃ ምን ብዬ ነጥብ እሰጣለሁ።

ባለፈው ሳምንት አክስቴ ሱቅ ገባሁ። 48ቱን አሃዝ በትልልቅ ፊደል አትማ፣ ላሚኔት አድርጋ፣ ከንግድ ፈቃዱ ጎን ግድግዳው ላይ ሰቅላዋለች። ማንም ያየዋል እኮ፣ አውርጂው አልኳት። እየተነጫነጨች አወረደችውና ከንግድ ፈቃዱ ፍሬም ጀርባ ሸጎጠችው።

«አሁንስ? ከኋላ ማን ያየዋል?» አለችኝ።