የመኪና ጥላ መረብ ከ14 ወር በኋላ፦ መረቡ አልከዳንም፣ ስፌቱ ግን

ፓርኪንጋችን አንድ ዛፍ የሌለው ሜዳ ነው። ሶስት ሆነን አዋጥተን፣ ምሰሶ አስተክለን፣ ለሶስት መኪና የሚሆን የጥላ መረብ ካስወጠርን ይኸው 14 ወር ሞላን፣ ሊያሠራ የሚያስብ ካለ ይጠቅመው እንደሆነ ያየሁትን ልጻፍ ብዬ ነው።

ስለ ሙቀቱ ልጀምር። መረብ ኤሲ አይደለም፣ በሩን ስትከፍቱ አሁንም ወበቁ ይቀበላችኋል፣ ግን መሪውን በመሀረብ ይዞ መንዳት ቀርቶልኛል፣ የቀበቶው ብረትም እንደ ድሮው አይለበልብም። በ2018 የወጣ አሪዞና ውስጥ በበጋ የተሠራ ጥናት ነበር፣ አንድ ሰዓት ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ በአማካይ 69 ዲግሪ ሲገባ ጥላ ላይ የቆመው 48 አካባቢ ነው፣ መሪው ደግሞ 53 እና 42። እኔ የለካሁት በእጄ ነው እንግዲህ፣ ግን ልዩነቱ በደንብ ይታወቃል። በዚያው ጥናት ጥላ ላይ የቆመውም ቢሆን ውስጡ 38 ደርሷል፣ ስለዚህ "ጥላ ስር ነው ያቆምኩት" ብሎ ልጅ ውስጥ ትቶ መውረድ የለም።

መረቡ እንደ ሹራብ የተሠራ ፕላስቲክ ነው፣ ቢቀደድም አይተረተርም፣ ነፋስም ያሳልፋል። አንዱ ጓደኛችን ውሃ የማያስገባ ሸራ ካልሆነ ብሎ ተከራክሮን ነበር፣ ሸራ ውሃ ያቁርና ሆዱን ይነፋል ብለን አሸነፍነው፣ ግን እሱም ሙሉ በሙሉ አልተሳሳተም፣ የመጀመሪያው ዝናብ መረቡ ላይ የተኛውን አቧራ ሁሉ አጥቦ ኮፈኖው ላይ ነው ያወረደው፣ መኪናዋ ነብር መሰለች።

ያስቸገረን ስፌቱ ነው። መወጠሪያ ብሎኑን ለወራት ዞር ብሎ ያየው የለም፣ መረቡ ላላ፣ ነፋስ በመጣ ቁጥር ሲርገበገብ እየሰማን ዝም አልን፣ በ11ኛው ወር አንዱ ጥግ ተንጠለጠለ። ክሩን በጥፍሬ ስነካው እንደ ገለባ ብጥስ አለ። ለካ መረቡ ላይ ፀሐይ እንዲቋቋም የተጨመረበት ነገር አለ፣ ተራ ፖሊስተር ክር ግን ቀድሞት ያረጃል። አሁን ፀሐይ በሚችል ክር አሰፍተነዋል፣ ብሎኑንም በየወሩ አንዳችን እናጠብቃለን። ስታሠሩ ስለ ጨርቁ ብቻ አትጠይቁ፣ በምን ክር ነው የሚሰፋው በሉ።

ሌላው ቀድመን ያላሰብነው፣ ጥላው መረቡ ስር አይቆምም። እኩለ ቀን ላይ ሶስታችንም ንጉሥ ነን፣ ከሰዓት ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ግን በምዕራብ በኩል ዳር ያለችው መኪና በጎን ትጠበሳለች፣ ጥላው ባዶ መሬት ላይ ተኝቷል። የምዕራቡን ምሰሶ አሳጥረን ቢሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ባልመጣ። የተረፈ ቁራጭ መረብ በጎን እስክንሰቅል ድረስ ቦታ በሳምንት እየተቀያየርን ነው፣ በዚህ ሳምንት የዳሩ ተራ የኔ ስለሆነ መሀረቤ ተመልሷል።